አጭር ጉዞ ረጅም ዝግጅት ያስፈልገዋል

የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል። ይህ አባባል ግን ለተማሪ የሚሠራ አይመስለኝም። ተማሪ በመጽሐፍ ያነበበውን ሐይቅ፣ በካርታ ላይ በጣቱ የተከተለውን መንገድና ከመምህሩ አፍ የሰማውን ከተማ ሳያየው ይናፍቃል። ስለዚህ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በዓመቱ አጋማሽ ዕረፍት የአምስት ቀን ጉዞ እናድርግ ብለን መነጋገር ከጀመርንበት ቀን አንሥቶ ክፍላችን በዚሁ ወሬ መሞላቱ የሚያስገርም አይደለም። የሚያሳስበኝ ወሬው ብዙ ሆኖ ዕቅዱ ጥቂት መሆኑ ነው። ይህ መጽሔት በጓደኞቼ፣ በመምህራንና በወላጆች እጅ የሚገባ ስለ ሆነ፣ ሐሳቤን በዚህ ገጽ ላይ ማቅረብን መረጥሁ።

በክፍላችን ያለው አስተያየት በሦስት የተከፈለ ነው። የሚበዙት «አዲስ አበባን ሳናይ ትምህርት ጨረስን አንልም» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «ከአዲስ አበባ ይልቅ ሐዋሳ ይበቃናል» የሚሉ ናቸው። ሦስተኞቹ ምንም አይናገሩም፤ የጉዞ ነገር ሲነሣ ደብተራቸውን ይገልጣሉ ወይም ወደ ውጭ ይወጣሉ። እኔ ከሁለተኞቹ ወገን ነኝ። ነገር ግን ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሡኝ ዝም ያሉት ሦስተኞቹ ናቸው። ዝምታቸው ጉዞውን ከመጥላት የመጣ አይደለም፤ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ስለማያውቁ ነው። የእኔ አሳብ ባጭሩ ይህ ነው፤ ከተማው መካከለኛ፣ ቀኑ አጭር፣ ዝግጅቱ ረጅም ይሁን፤ ከክፍላችንም አንድ ተማሪ እንኳ በገንዘብ ምክንያት አይቅር።

በመጀመሪያ ሒሳቡን እንመልከት። ከሜጋ እስከ ሐዋሳ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከዚያ እስከ አዲስ አበባ ደግሞ ወደ 275 ኪሎ ሜትር ይጨመርበታል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥተን ሐዋሳ በዚያው ቀን ማምሻውን እንገባለን፤ አዲስ አበባ ግን ተማሪ የጫነ አውቶቡስ በሌሊት እንዳይጓዝ ከተፈለገ በመንገድ ማደር ግድ ነው። እንግዲህ ከአምስቱ ቀን ሁለቱ በመሄጃ፣ ሁለቱ በመመለሻ ካለቁ፣ ለአዲስ አበባ የሚተርፋት አንድ ቀን ብቻ ነው። ለሐዋሳ ግን ሦስት ሙሉ ቀን ይተርፋል። አንድ ቀን ለማየት አራት ቀን በወንበር ላይ መቀመጥ ጉዞ ሳይሆን ጭነት ይባላል።

አዲስ አበባን የሚመርጡ ጓደኞቼ ምክንያት እንደሌላቸው አድርጌ መናገሬ አይደለም። በብሔራዊ ሙዚየም የድንቅነሽን አጽም ማየት፣ የአፍሪካ አዳራሽን መጐብኘት፣ በ2016 ዓ.ም. የተከፈተውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ መመልከት ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ሁሉ የሚገባ ነው። ነገር ግን ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ በሚኖርበት ከተማ ውስጥ አንድ ቀን የሚውል እንግዳ የሚያየው መኪናና ሰልፍ፣ የሚያስታውሰውም ግርግሩን ነው። ደግሞም ፈተናውን አልፎ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ሁሉ አዲስ አበባን የማየት ዕድል በኋላ ያገኛል ብዬ እገምታለሁ። ክፍላችን አንድ ላይ ሆኖ የሚጓዝበት ጊዜ ግን ከዚህ ዓመት በኋላ አይገኝም።

መካከለኛ ከተማ ለተማሪ ያለው ጥቅም፣ ክፍሎቹ እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚያያዙ በጥቂት ቀን ውስጥ ለመመርመር የሚያስችል መሆኑ ነው። ሐዋሳ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የተቆረቆረች፣ የአያቶቻችን እኩያ ከተማ ናት። ከሰኔ 2012 ዓ.ም. ጀምሮም የሲዳማ ክልል መቀመጫ ሆናለች። በአሞራ ገደል በማለዳ ዓሣ አጥማጆች ከጀልባ ቆሮሶና አምባዛ ሲያወርዱ፣ ልጆች በቢላዋ ሲያጸዱ፣ ረጃጅም እግር ያላቸው ትልልቅ ወፎችም ከሰው ጋር እየተጋፉ ትርፍራፊውን ሲለቅሙ ይታያሉ። ከዚያ ወጥቶ ታቦር ተራራ ላይ ቢወጡ ሐይቁና ከተማው በአንድ ዓይን ይታያሉ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1976 በእርሻ ኮሌጅነት የተጀመረው ትምህርት ቤት ዛሬ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ ልብስ ሰፍቶ ወደ ውጭ አገር ለመላክ የተሠራ ነው። ይህ ሁሉ በአንዲት ከተማ ውስጥ ሲገኝ፣ «ሐይቁ ለማን ምን ይሰጣል? ፋብሪካው ሠራተኛውን ከየት ያመጣል?» ብሎ ለመጠየቅ ሦስት ቀን ይበቃል።

ስለ ጉዞ ሳስብ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ነገር ትዝ ይለኛል። እርሳቸው በ1924 ዓ.ም. የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ ወደ ጃፓን ተልከው ሄዱ። ሲመለሱም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ በዚያው ዓመት አሳተሙ። በዚያ ዘመን ከኢትዮጵያ ወደ ጃፓን መድረስ ሳምንታትን የሚፈጅ የመርከብ ጉዞ ነበር። እርሳቸው ያዩትን ለብቻቸው ይዘው አልቀሩም፤ በባሕር ማዶ ያለውን አገር በቤቱ ለተቀመጠው አንባቢ አመጡለት። እኛ ሚኒስትሮች አይደለንም፤ ሐዋሳም ጃፓን አይደለችም። ነገር ግን ለጉዞ የሚያስፈልገው ሕግ ለትልቁም ለትንሹም አንድ ነው፤ ይኸውም ለምን እንደሚሄዱ ዐውቆ መሄድና ያዩትን ጽፎ መመለስ ነው።

ጃፓኖች ራሳቸው የተማሪዎችን ጉዞ እንደ ትምህርት ክፍል የሚቈጥሩ ሕዝብ ናቸው። የዚህ ልማድ መነሻ ነው ተብሎ የሚነገረው የቶኪዮ መምህራን ማሠልጠኛ ተማሪዎች በፈረንጆች አቆጣጠር በ1886 ወደ ቺባ ግዛት ያደረጉት ከአሥር ቀን በላይ የወሰደ የእግር ጉዞ ነው፤ እነርሱም በመንገዳቸው ላይ ስለ ተፈጥሮ ይማሩ ነበር። ዛሬ የጃፓን ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ ትምህርታቸውን ከመጨረሳቸው በፊት ለጥቂት ቀናት አብረው ይጓዛሉ። ከሚሄዱባቸው ከተሞች አንዱ ናራ ነው። ናራ 350 ሺህ ያህል ሕዝብ ያለው መካከለኛ ከተማ ሲሆን፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ710 እስከ 784 ድረስ ለአብዛኛው ዘመን የአገሪቱ ዋና ከተማ ነበረ። በዚያ በ752 የተመረቀው ትልቁ የነሐስ የቡድሃ ሐውልት አለ፤ አጋዘኖችም በመናፈሻው ሰውን ሳይፈሩ ይዘዋወራሉ።

እኔን ያስደነቀኝ ግን ሐውልቱ ሳይሆን አዘገጃጀታቸው ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች ወላጆች የጉዞውን ወጪ በአንድ ጊዜ ከማውጣት ይልቅ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ያስቀምጣሉ። ተማሪዎቹ በትንንሽ ቡድን ይከፈላሉ፤ እያንዳንዱም ቡድን የት እንደሚሄድ፣ በስንት ሰዓት እንደሚመለስ አስቀድሞ ያቅዳል። ሁሉም ተማሪ ሺኦሪ የሚባል ትንሽ ጥራዝ ይይዛል። በጥራዙ ውስጥ የየሰዓቱ ፕሮግራም፣ የሚያዘው ዕቃ ዝርዝርና ደንቡ ይገኛሉ፤ ያዩትን የሚጽፉበት ባዶ ገጽም ይተውለታል። በግዴታ ትምህርት ደረጃ ላሉ የድኻ ቤተሰብ ልጆችም የጉዞው ወጪ ከሕዝብ ገንዘብ የሚደገፍበት ሥርዓት አላቸው። እንግዲህ በሀብት ከእኛ እጅግ የሚበልጥ ሕዝብ እንኳ ድኻው ልጅ እንዳይቀር ካሰበ፣ እኛ እንዴት ሳናስብ እንቀራለን?

ወደ ሩቅ አገር ሳንመለከት በዚሁ በአገራችን ትምህርት የሚሆን ነገር አለ። በያቤሎ፣ በሜጋና በአሬሮ አካባቢ ብቻ የሚኖር፣ በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ የማይገኝ የቁራ ወገን ወፍ መኖሩን ስንቶቻችን እናውቃለን? ይህን ወፍ ለማየት ከባሕር ማዶ ሰዎች መነጽራቸውን አንግበው፣ መጽሐፋቸውን ይዘው ይመጣሉ። ወፉ የሚሠራውን ጎጆና የሚወደውን ሜዳ ከመምጣታቸው በፊት አንብበው ስላጠኑ፣ እኛ በየቀኑ የምናልፈውን ዛፍ ቆመው ያስተውላሉ። በአንድ ስፍራ መኖር ብቻውን ዕውቀት እንደማይሆን፣ በጥቂት ቀን ጉብኝትም ብዙ ዕውቀት እንደሚገኝ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ስለዚህ ከመሄዳችን በፊት የራሳችንን አገር እናጥና እላለሁ። የሐዋሳ ተማሪ «ከወዴት መጣችሁ? በአገራችሁ ምን አለ?» ብሎ ሲጠይቀን አንገታችንን መድፋት አይገባንም። በኤል ሶድ ጉድጓድ ሥር ካለው ጥቁር ሐይቅ ሰዎች ጨው አውጥተው በአህያ ጭነው ገደሉን እንደሚወጡ፣ በቱላ ኤላዎች ወጣቶች በመሰላል ላይ በተርታ ቆመው እየዘፈኑ ውኃ ከእጅ ወደ እጅ እንደሚቀባበሉ፣ በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረው የገዳ ሥርዓት በጉሚ ጋዮ ጉባኤ ላይ በየስምንት ዓመቱ ሕግ እንደሚመክር፣ በሜጋ የነበረውን የጣሊያን ምሽግ የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች በየካቲት 1933 ዓ.ም. እንደ ያዙት መናገር እንችላለን። የራሱን ነገር ያወቀ እንግዳ የሌላውን ሲያይ ያነጻጽራል። በእጅ ተቀባብሎ ውኃ የሚያወጣ ሕዝብ ልጅ ትልቅ ሐይቅ ፊት ሲቆም የሚጠይቀው ጥያቄ በሐይቅ ዳር ያደገ ልጅ አስቦት የማያውቀው ይሆናል።

አሁን ወደ ገንዘቡ ነገር እመለሳለሁ፤ ዋናው ይህ ነውና። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ዝናሙ በተከታታይ አምስት ወቅት ስላልዘነመ ቦረና ምን እንደደረሰበት ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ብዙ ከብት የነበረው ቤት ባዶ በረት ይዞ ቀረ። አብረውኝ ከሚማሩት መካከል ከዚያ ወዲህ ቤተሰባቸው መልሶ ያልቆመላቸው አሉ። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ መዋጮው ቢጠየቅ ወላጆቼ ተቸግረውም ቢሆን ይከፍሉልኛል። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ግን ለደብተር የሚሆነውን የሚያገኘው በገበያ ቀን ሸክም ተሸክሞ ነው። «የቻለ ይሂድ፣ ያልቻለ ይቅር» የሚል ጉዞ ክፍሉን ለሁለት ይከፍለዋል። የሄዱት ሲመለሱ ፎቶግራፍ ያሳያሉ፤ የቀሩት ደግሞ ፈገግ ብለው ያያሉ። እንዲህ ያለ ጉዞ ከሚደረግ ባይደረግ ይሻላል።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በቦረና ከብቱ ያለቀበት ሰው ወደ ጎሣው ይቀርባል፤ ጎሣውም ጉዳዩን መርምሮ ካላቸው ሰዎች ከብት አዋጥቶ መልሶ ያቋቁመዋል። ይህ ሥርዓት ቡሳ ጎኖፋ ይባላል። ተቀባዩ ለማኝ አይባልም፤ ሰጪውም ነገ በእርሱ ቢደርስ እንደሚሰጠው ያውቃል። ለምን የክፍላችንን ጉዞ በዚህ ሥርዓት አናዘጋጀውም? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ይኸውም እንዲህ ቢሆን እላለሁ። መጽሔቱ በእጃችሁ ሲገባ ለዕረፍቱ ሦስት ወር ያህል ይቀራል። በእነዚህ ወራት እያንዳንዱ ተማሪ እንደ ዐቅሙ በየሳምንቱ ያስቀምጥ። ማን ስንት እንዳዋጣ ከገንዘብ ያዡ መምህርና ከሁለት ተማሪዎች በቀር ማንም አይወቅ። የጎደለውን በሥራ እንሙላ፤ በገበያ ቀን ሻይና ብስኩት እንሽጥ፣ ለሚፈልግ ሰው አጥር እንጠር፣ ዕቃ እናውርድ። በሥራው ሁላችንም እንሳተፍ፤ ያለው ልጅ «እኔ ከፍያለሁ» ብሎ ከሥራው አይቅር። ሒሳቡ በየወሩ መጨረሻ በክፍል ውስጥ ይነበብ። በጋራ ላብ በተገኘ ገንዘብ የሄደ ሰው የማንም ባለዕዳ አይሆንም።

የተከበራችሁ ወላጆች፣ በበኩላችሁ የምትሉትን እናውቃለን። «በችግር ዘመን ሽርሽር ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። አንዲት እናት ደግሞ «ሴት ልጄን ለማን አምኜ ልስጥ?» ብለው ሲጠይቁ ሰምቻለሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ከጉዞው በኋላ በምናሳየው ሥራ ይታያል። ሁለተኛው ግን አሁኑኑ መልስ የሚሻ ነው። ሴቶች ተማሪዎች ከቀሩ እኔ ከላይ የጻፍሁት «ማንም አይቅር» የሚለው ቃል ሐሰት ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ሴቶች መምህራን አብረው ይሂዱ፤ የሴቶቹ ማደሪያ የተለየና የሚዘጋ ይሁን፤ ማደሪያውም አስቀድሞ በትምህርት ቤታችን ደብዳቤ ተጠይቆ በጽሑፍ መልስ የተገኘበት ይሁን። ወላጆች ተጠርተው ፕሮግራሙ በሚገባቸው ቋንቋ ይነበብላቸው፤ የመምህራኑም ስልክ ይሰጣቸው። የመንገዱ ጸጥታ ከመነሣታችን በፊት ባለው ሳምንት ከሚመለከታቸው ሰዎች ይጠየቅ። መንገዱ አያስኬድም ከተባለ ያለ ክርክር ቀኑ ይተላለፍ።

ጉዞው ራሱ ከሜጋ በር ይጀምራል እንጂ ከሐዋሳ አይጀምርም። በዱብሉቅና በያቤሎ በኩል የግመልና የከብት አገር ነው፤ ቡሌ ሆራን ካለፍን በኋላ አረንጓዴው እየበዛ ይሄዳል፤ በይርጋ ጨፌና በዲላ ቡናና እንሰት በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር አብረው ይበቅላሉ። ይህ የጌዴኦ የእርሻ ሥርዓት በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በመስኮቱ ዳር የተቀመጠ ተማሪ የጂኦግራፊ መጽሐፉን ምዕራፍ በአንድ ቀን በዓይኑ ያነበዋል፤ እንቅልፍ ካልወሰደው ማለቴ ነው።

በሐዋሳ ለሚቆዩት ሦስት ቀናት የእኔ አሳብ ይህ ነው። የመጀመሪያው ቀን ለሐይቁ ይሁን፤ ማለዳ በአሞራ ገደል፣ ከሰዓት በኋላ በታቦር ተራራ። ሁለተኛው ቀን ለዩኒቨርሲቲውና ከተፈቀደልን ለኢንዱስትሪ ፓርኩ ይሁን። ሦስተኛው ቀን ከአንድ የሐዋሳ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ጋር የምንገናኝበት፣ የእግር ኳስና የጥያቄና መልስ ውድድር የምናደርግበት፣ ከሰዓት በኋላም ያለ ፕሮግራም የምናርፍበት ይሁን። ዕረፍት የሌለበት ዕረፍት አይባልምና።

ክፍሉ በትንንሽ ቡድን ተከፍሎ እያንዳንዱ ቡድን አንድ ጥያቄ ይያዝ። አንዱ ቡድን ዓሣው ከጀልባ እስከ ገበያ በስንት እጅ እንደሚያልፍ ይጠይቅ። አንዱ ጥቁር ውኃ ወንዝ የሚገባበት፣ የሚወጣ ወንዝ ግን የሌለው ሐይቅ ከተማው ሲያድግ ቆሻሻው ወዴት እንደሚሄድ ይመርምር። ሌላው አሜሪካ በ2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ከአጎዋ ካስወጣች በኋላ የልብስ ሠራተኞች ኑሮ ምን እንደሆነ ይጠይቅ። የመጨረሻው ከሜጋ ለሚመጣ ተማሪ በዩኒቨርሲቲው ምን ዓይነት ትምህርት እንዳለና ለመግባት ምን እንደሚያስፈልግ ጽፎ ያምጣ። ይህ የመጨረሻው ለታናናሾቻችን ከፎቶግራፍ ሁሉ የበለጠ ስጦታ ይሆናል።

ጥንቃቄንም አንርሳ። አብዛኞቻችን ዋና አናውቅም፤ በሐይቁ ውስጥ ጉማሬ አለ፤ በውኃው የሚተላለፍ የቢልሃርዚያ በሽታም አለ። ስለዚህ ማንም ወደ ውኃው እንዳይገባ ደንብ ይሁን። በአሞራ ገደል ጥሬ ዓሣ የሚበሉ ሰዎች ይታያሉ፤ እኛ ግን የበሰለውን እንብላ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ የተባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

በመጨረሻ ሁሉም ቡድን ከተመለሰ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያየውን ጽፎ ለመምህራን ያስረክብ፤ ከጽሑፎቹም አንዱ በሰልፍ ላይ ለመላው ተማሪ ይነበብ፤ የቀሩት በሚመጣው ዓመት መጽሔት ይውጡ። «በችግር ዘመን ሽርሽር ምን ያደርጋል?» ላሉት ወላጆች የምንሰጠው መልስ ይህ ነው።

ጓደኞቼ ሆይ፣ በዚህ አሳብ የማይስማማ ካለ ተቃውሞውን በክፍል ውስጥ ቆሞ ይናገር፤ አዲስ አበባን የመረጠም ሒሳቡን ይዞ ይምጣ። ብቻ ክርክሩ «ወዴት እንሂድ?» በሚለው ላይ ብቻ አይለቅ። «ሁላችንም እንዴት እንሂድ?» የሚለው ይቅደም። መምህራኖቻችን ገንዘብ ያዡን በዚህ ሳምንት እንዲመርጡልን፣ የትብብር ደብዳቤውም ወደ ሐዋሳ ቶሎ እንዲጻፍልን በአክብሮት እለምናለሁ።